ጎታች ፍለጋ

ስልሳ ሁለት ቀፎ፣ ባለ አራት ጎማ ተሳቢ፣
አንድ ሽማግሌ ሹፌር፣ ለምክር ደንቆሮ፣ ለንቦቹ አሳቢ፤
አባቴ ክሌመንት፣ ባለፈው ነሐሴ
(በእኛ በደቡቡ ምድር ነሐሴ ብርድ ነው፣ ዘልቆ የሚገባ እስከ ነፍሴ)
የለውዙ አበባ ሳይረግፍ ልድረስ ብሎ
በሌሊት ተነሣ፣ ንቦቹን አስከትሎ።
ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑን ረገጠ፤
መኪናው ታዘዘ፣ ተሳቢው ግን ፊት ልሁን ብሎ ሮጠ።
ተከታይ መሪውን ሲቀድም
ያኔ ነው የሚታወቀው የሁለቱም አቅም።

እኔ ስደርስ ነግቷል፤ ማሩ አስፋልት ላይ ተኝቷል፤
በፖሊሱ መብራት ዙሪያ የንብ መንጋ ሞልቷል፤
አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ አንድ ጣቱ ተሰብሮ፣
«አሥራ ዘጠኝ ቀፎ ተርፏል» አለኝ፣ ሁለቴ ቆጥሮ።

ኢንሹራንሱ ከፈለ፤ ዘግይቶ፣ ቆራርጦ።
ወጣን ጎታች ፍለጋ፣ እሱ በሰው መኪና ተቀምጦ።

መሪ ብሪጅ ከተማ፣ ሌይተን የሚባል ሻጭ፣
ጫማው እንደ መስታወት፣ ምላሱ እንደ ምላጭ፣
ኮፈኑን እንደ ፈረስ ጋማ እየደባበሰ፣
«ሦስት ተኩል ቶን ጎትቶ» አለን «ጠብታ ላብ አላፈሰሰ!»
አባቴ ወንበሩን ዳሰሰ፣ ቆዳ ነው፤ ስክሪኑን ነካ፣ በራ፤
ስልሳ ዓመት የተኛ ልጅ ዓይኑ ውስጥ ተጣራ።

እኔ ግን ዘጠኝ ዓመት ሂሳብ አስተምሬአለሁ፤
ትልቅ ቁጥር ሲነግሩኝ ትንሹን እጠይቃለሁ።
«ኳሱስ? ተሳቢው አንገቱን ሲያሳርፍበት፣
ለሰው፣ ለውሻ፣ ለጭስ ማጨሻው ስንት ኪሎ ይተርፋል የምንጭንበት?»
ሌይተን ወረቀቱን ገለጠ፣ ደግሞ ከደነ፤
«እሱን እንኳ... ከፋብሪካው...» ምላጩ ደነዘ፣ ፊቱ ፍም ሆነ።

ከሰዓት ሄድን ወደ እህል ጎተራው፣ ሚዛን ወዳለበት፤
ሂልዳ ኖስኬ ሠላሳ ዓመት እውነት ስትመዝንበት
የኖረች ሴት ናት። የተጠገነውን ተሳቢ፣ የጎረቤት ቀፎ ጭነን
እላዩ ላይ ወጣን። ቁጥሩን አየች፤ ዝም አለች። እኛም ዝም አልን።
«ሁሉም ስንት ይጎትታል ይላል» አለች በመጨረሻ፣
«ማንም አይጠይቅ ስንት ያቆማል፣ ቁልቁለት ላይ፣ ወደ ማምሻ።
መሳብማ በሬም ይስባል፣ ክፉ ወሬም ይስባል፤
ቤትሽ የሚያገባሽ ሲገፋ እምቢ የሚል ነው፤ እሱ ይቸግራል።»

ያገኘነው ከአንድ ስንዴ ገበሬ አጥር ሥር ነው። አሥራ አንድ ዓመቱ፤
ቀለሙ ያረጀ ወይራ፣ የተላላጠ ግንባሩና ደረቱ፤
ወገቡ ረጅም፣ ራሱ ከባድ፣ ባሌስትራው እንደ ጎድን የተደራረበ፣
ሪዶታው ሲገባ እንደ ሽማግሌ ጉልበት የሚንቋቋ፣ ኃይሉ ግን ያልተሰለበ።
ከመሪው ሥር የተሳቢውን ፍሬን የሚያዝ ሳጥን ገጠምንለት፤
ለአባቴ ግን «ይበቃል» የሚለው ቃል ነው የጠፋበት።
ቀፎውን ከፋፍሎ፣ ገዝቶ፣ ስልሳ ሁለቱን መልሶ ሞልቷል።
«ሁሉንም ይችላል?»
                    «አይችልም።»
«ሃምሳውንስ?»
                    «አርባ አራት።»
ተሳቢውን አየ፤ እጁን አየ፤ ያቺን የጎበጠች ጣት።
«እንግዲያ ሁለት ምልልስ» አለ።
«ሁለት ምልልስ» አልኩ።

ነሐሴ ተመለሰ። ያው ቁልቁለት፣ ያው ጭጋግ፣ ያው ሌሊት፤
እኔ መሪው ላይ ነኝ፤ እሱ ከጎኔ የሌለ ፍሬን ይረግጣል፣ ደጋግሞ፣ በጭንቀት።
ሦስተኛ ማርሽ። እግሬ ፍሬኑ ላይ ለስለስ ሲል
ተሳቢው እሺ አለ፤ እሺታውን ከወንበሬ ሥር ሰማሁት፣ እንደ ሰው ቃል።

ታች ስንደርስ አቆምኩ። መስኮት ከፈትን። አርባ አራት ቀፎ
በአንድ ጉሮሮ ያንጎራጉራል፣ በመረቡ ታቅፎ።
አባቴ አዳመጠ፤ ሰዓቱን አየ፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
«ቤት የቀሩት አሥራ ስምንቱ አይሸሹም» አለ፣ «ቀስ ብለሽ ንጂያት።»